የወንጭፍ ጥይት ከጅማ ቀይ አፈር፦ ከመቆፈር እስከ መወርወር

በአንዳንድ አገሮች ጥይት ቤት ውስጥ መሙላት የታወቀ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ሰዎቹ የተተኮሰውን ቀለሃ ይለቅማሉ። ያጸዱትና ባሩዱን መዝነው ይጨምሩበታል፤ ከዚያ እርሳሱን ይገጥሙበታል። የሚመዝኑት በግሬይን ነው። አንድ ግሬይን 0.0648 ግራም ነው፤ እስከ አንድ ግሬይን አሥረኛ ድረስ ይጠነቀቃሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጥይቱ ሁሉ እኩል ካልሆነ እኩል ቦታ አያርፍም።

እኛ ጋ ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት ወንጀል ነው። የጦር መሣሪያን ጉዳይ የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ከሕጉም በላይ ባሩድ ልጆች ባሉበት ቤት ቦታ የለውም። ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ ስለ ባሩድ አይደለም። ግን የዚያ ሥራ ደስታ፣ ማለትም በእጅ መሥራቱ፣ መመዘኑ፣ ማስተካከሉ፣ ወጥቶ መሞከሩ፣ በወንጭፍ ሙሉ በሙሉ ይገኛል። ጅማ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረች ናት። አፈሩ አለ፣ ቃጫው አለ፣ የቡና ገለባውም አለ።

እኔ የጀመርኩት ከጅሬን ወዲያ ባለ የዘመድ የበቆሎ ማሳ ላይ ነው። ማማው ላይ ወጥቼ ያገኘሁትን ጠጠር ሁሉ እወረውር ነበር። አንዱ ሩቅ ይሄዳል፣ አንዱ እግሬ ሥር ይወድቃል፣ አንዱ ወደ ጎን ይበራል። ጎረቤት ማሳ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ሲያዩኝ ቆይተው ጠሩኝ። «ልጄ፣ ድንጋይህ ይለያያል። ክንድህ ምን ያድርግ?» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ጠጠር መልቀም ተውኩ። ጭቃ ማድቦልቦል ጀመርኩ።

ነገሩ የቆየ ነው። ሶርያ ውስጥ ሐሙካር በሚባል ጥንታዊ ከተማ ከክርስቶስ ልደት በፊት 3500 ዓመት ገደማ የተሠሩ የሸክላ የወንጭፍ ጥይቶች በቁፋሮ ተገኝተዋል። ግሪኮችና ሮማውያን ከእርሳስ እያቀለጡ ይሠሩ ነበር፤ አንዳንዱ ላይ «እንካ ቅመስ» ዓይነት ቃል ይጽፉበት ነበር። ዳዊትም ጎልያድን (ጅማ ላይ ብዙው ሰው ዳውድና ጃሉት ብሎ ነው የሚያውቃቸው) ሊገጥም ሲወጣ ከወንዝ አምስት ድብልብል ድንጋይ መርጦ ነው። ያገኘውን አላፈሰም። መረጠ።

ሥራውን የምትጀምሩበት ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ቢሆን ይሻላል። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፣ በክረምት ጭቃ አይደርቅላችሁም።

አንደኛ፦ አፈሩን ማግኘት

ጅማና ዙሪያዋ በቀይ አፈር የታወቁ ናቸው። የአፈር ባለሙያዎች ኒቲሶል ይሉታል፤ ጥልቅና ሸክላ የበዛበት አፈር ነው። ላይኛው ጥቁር ንብርብር ግን አይሆንም። ሥርና ብስባሽ አለበት፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ግማሽ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ቀዩን ያዙ። በጣም የሚቀለው መንገድ የቤት መሠረት ወይም ጉድጓድ የሚቆፈርበት ቦታ ሄዶ ባለቤቱን መጠየቅ ነው። አፈሩ ለእሱ ቁሻሻ ነው፣ ደስ ብሎት ይሰጣችኋል። የኩይሳ አፈርም ግሩም ነው፤ ምስጦቹ አልመው አዘጋጅተውታል። የመንገድ ዳርቻና የቦዬን ረግረግ ግን አትቆፍሩ። አንድ ባልዲ አፈር 100 ጥይት አካባቢ ይወጣዋል፣ ስስት አያስፈልግም።

አፈሩ ሸክላ ይኑረው አይኑረው በሁለት መንገድ ይታወቃል። አንደኛው የጣት ፈተና ነው። ትንሽ አርጥባችሁ እንደ ስክሪፕቶ ቀጭን አድርጋችሁ አንከባልሉት። ከዚያ ጣታችሁ ላይ ጠምጥሙት። ሳይሰነጠቅ ከዞረ ጥሩ ነው። ከተቆራረጠ አሸዋ በዝቶበታል።

ሁለተኛው የሃይላንድ ፈተና ነው። ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ሲሶውን አፈር ሙሉና ውኃ ጨምሩበት፣ በደንብ ናጡት፣ ቁጭ አድርጉት። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይወርዳል። ደለሉ በሰዓታት ውስጥ ይከተላል። ሸክላው ውኃውን አደፍርሶ ቀን ሙሉና ከዚያም በላይ ይቆያል። በማግስቱ ስታዩት ንብርብሮቹ በመስመር ተለይተው ይታያሉ። ከላይ ያለው የሸክላ ንብርብር ከጠቅላላው አፈር ሲሶ ያህል ከሆነ ለእኛ ይበቃል። በጣም ወፍራም ከሆነ ደግሞ ጭቃው ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ያኔ በአምስት እፍኝ ጭቃ አንድ እፍኝ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ጨምሩ።

ጭድ አትጨምሩ። ለቤት ምርጊት ጭድ የሚጨመረው ጭቃው እንዲያያዝ ነው። እኛ የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው። ጥይቱ ዒላማው ላይ ሲያርፍ እንክትክት ብሎ እንዲሰበር እንጂ ነጥሮ እንዲመለስ አንፈልግም።

ሁለተኛ፦ ማጣራትና ማቡካት

አፈሩን አድርቁት፣ በዱላ ውቀጡት፣ በወንፊት ንፉት። ባልዲ ውስጥ ውኃ ሞልታችሁ ለሁለት ቀን ዘፍዝፉት። በመሐል በመሐል አማስሉት። ሥሩም ቅጠሉም ይንሳፈፋል፣ ግፈፉት። ከዚያ ቀጭኑን ጭቃ በአሮጌ ሻሽ ወይም በጠባብ ወንፊት ወደ ሌላ ባልዲ አሳልፉት። የሚቀረው ጠጠር ነው፣ ድፉት። ይሄን አትዝለሉ። ጥይት ውስጥ አንዲት ጠጠር ከቀረች ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ በአየር ላይም ይዋልላል።

አንድ ቀን ይጥለል። ከላይ የጠለለውን ውኃ ቀስ ብላችሁ ድፉና ጭቃውን ማዳበሪያ ላይ ዘርግታችሁ ጥላ ሥር አስቀምጡት። እጅ ላይ መጣበቅ ሲያቆም ማሸት ይጀመራል። እንደ ድፎ ዳቦ ሊጥ ነው የሚታሸው፤ እየገፉ፣ እያጠፉ፣ እያዞሩ፣ ሩብ ሰዓት ያህል። ውስጡ የቀረ አየር ሁሉ መውጣት አለበት። በክር ሰንጥቃችሁ ውስጡን እዩት፤ ቀዳዳ ከታየ እንደገና እሹት። በመጨረሻ በፌስታል ጠቅልላችሁ አንድ ሳምንት አሳድሩት። ያደረ ጭቃ ይለሰልሳል፣ ልዩነቱን እጃችሁ ይነግራችኋል።

ሦስተኛ፦ መመዘን

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የሥራው ነፍስ ይሄ ነው።

የምንፈልገው ደርቆ 50 ግራም የሚሆን ጥይት ነው። ለጀማሪ ክንድ አይከብድም፣ ነፋስም አይጫወትበትም። ላሪ ብሬይ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1981 በወንጭፍ 437 ሜትር ወርውሮ ክብረ ወሰን ሲይዝ የወረወረው ድንጋይ 52 ግራም ነበር። እኛ 437 ሜትር አንፈልግም። ግን ክብደቱ ከእኛ ጋር መቀራረቡ ደስ ይለኛል።

ጭቃ ሲደርቅ ውኃውን ያጣል። በእኔ አፈር 65 ግራም እርጥብ ጭቃ ደርቆ 50 አካባቢ ይሆናል። የእናንተ ይለያል። ስለዚህ መጀመሪያ ሦስት ብቻ በ65 ግራም ሠርታችሁ አድርቁና መዝኑ። 48 ከሆኑ 65ን በ50 አባዙና ለ48 አካፍሉ። 68 ይመጣል። ከዚያ በኋላ ሁሉንም በ68 ትጀምራላችሁ። ያቺን ቁጥር ጻፏት፤ አፈሩን ወይም የጭቃውን እርጥበት እስክትቀይሩ ድረስ አትለወጥም።

ዲጂታል ሚዛን ከሌላችሁ አትጨነቁ። 40 ሳንቲሜትር ቀጥ ያለ እንጨት ውሰዱ። ልክ መሐሉን በክር አንጠልጥሉ። በሁለቱ ጫፎች እኩል ክዳን በሦስት በሦስት ክር እሰሩ። ባዶውን ካዘነበለ በቀለለው በኩል ትንሽ ጭቃ ለጥፋችሁ አስተካክሉት። አሁን የሚቀረው መመዘኛው ነው። ፋርማሲ ሄዳችሁ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ግዙ። አንድ ሚሊ ሊትር ውኃ አንድ ግራም ይመዝናል። ስድስት ስሪንጅ ሙሉና አንድ ግማሽ ውኃ 65 ግራም ነው ማለት ነው። ትንሽ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ቋጥሩትና በአንዱ ክዳን ላይ አስቀምጡት፤ እኩል ክብደት ያላት ሌላ ባዶ ፌስታል ደግሞ በሌላው። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ የሠራሁት በዚህ ነው።

አራተኛ፦ ማድቦልቦልና ማድረቅ

የተመዘነውን በሁለት መዳፍ መሐል አድቦልቡሉ። ለስላሳ ኳስ ሲሆን ወደፊትና ወደኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ አንከባልሉት፣ ሞላላ ይሆናል። መጠኑ ከሀበሻ ዶሮ እንቁላል ትንሽ ያንሳል። ኳስ የሆነው ከወንጭፉ ኪስ ውስጥ ይንከባለልና ያመልጣል። ሞላላው ግን ተኝቶ ይቆያል። ፊቱን በእርጥብ ጣት አለስልሱት፤ ትንሿ መስመር ነገ ስንጥቅ ትሆናለች።

ለማድረቅ ከቡና የተሻለ አስተማሪ የለም። ጥሩ ቡና መሬት ላይ አይደርቅም፣ ከመሬት ከፍ ባለ ማድረቂያ አልጋ ላይ ነው የሚደርቀው፤ ከሥሩ አየር እንዲያልፍ። ጥይቱም እንደዚያው። የሽቦ ወንፊት በአራት ድንጋይ ላይ አስቀምጡ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ጥላ ውስጥ፣ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁበት። ፀሐይ ቶሎ ከመታው ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ይሰነጠቃል። በየቀኑ ገልብጡት። በአራተኛው ቀን ጨርቁን አንሱ። በሰባተኛው ፀሐይ ላይ አውጡት። አሥር ቀን ይበቃዋል።

መድረቁን ለማወቅ ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉት። ሸክላ ሠሪዎች የሚያደርጉት ነው። ከቀዘቀዛችሁ ገና ውኃ አለው። እርግጠኛ ለመሆን በሁለት ተከታታይ ቀን መዝኑት፤ ክብደቱ ካልቀነሰ ጨርሷል።

ብዙ ሰው እሳት ውስጥ ልተኩሰው ወይ ይላል። አይሆንም ባይ ነኝ። ከ600 ዲግሪ ገደማ በላይ የነደደ ሸክላ ከዚያ በኋላ በውኃ አይሟሟም። ስባሪው ማሳ ውስጥ ይቀራል፣ እግር ይቆርጣል። ውስጡ እርጥበት ከቀረ ደግሞ እሳቱ ውስጥ ይፈነዳል። በፀሐይ የደረቀው ግን የመጀመሪያው ዝናብ ሲመታው ወደ አፈርነቱ ይመለሳል።

ከደረቀ በኋላ እንደገና ሁሉንም መዝኑ። ከ48 እስከ 52 ግራም ያሉትን በአንድ ከረጢት፣ የቀሩትን ለማሟሟቂያ በሌላ። በተመሳሳይ ጉልበት ስትወረውሩ ቀላሉ ፈጥኖ ይሄዳል፣ ከባዱ ይዘገያል፣ የሚያርፉበትም ይለያያል። ከከረጢቱ የወጣው ሁሉ አንድ ዓይነት ሲሆን ግን ስሕተቱ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው። የእናንተ ነው። ያኔ ክንድ መማር ይጀምራል።

አምስተኛ፦ ወንጭፉን መግመድ

ለቡሄ ጅራፍ የገመደ ሰው ይሄን ግማሹን ያውቀዋል። የእንሰት ቃጫ ምርጥ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ አይለጠጥም። የጥጥ ሲባጎም ይሆናል። ናይለን ተዉት፣ ይለጠጣል፣ ከጣትም ይንሸራተታል። እኔ በመጀመሪያ የገዛሁት የናይለን ገመድ በሦስተኛው ቀን ቋጠሮው ተፈትቶ ጥይቱ ወደኋላ ሄደብኝ። ሰው ባለመኖሩ ነው እንጂ።

ቃጫውን በሦስት መድባችሁ እንደ ሹሩባ ጎንጉኑ። ሁለት ገመድ ያስፈልጋል፣ እያንዳንዱ ተጎንጉኖ 70 ሳንቲሜትር። ጉንጎና ርዝመት ይበላል፣ ስለዚህ በአንድ ሜትር ጀምሩ። በአንደኛው ገመድ ጫፍ የመሐል ጣት የምታስገባ ቀለበት ሥሩ። በሁለተኛው ገመድ ጫፍ ወፍራም ቋጠሮ ቋጥሩ።

ኪሱ ከቆዳ ነው። ጫማ ሰፊ ጋ ሂዱና ለስላሳ ቁራጭ ጠይቁ፤ 14 ሳንቲሜትር በ6 ይበቃል። ሁለቱን ጫፍ እንደ ቅጠል አሹሉት። ከየጫፉ አንድ ሳንቲሜትር ገባ ብላችሁ በወስፌ ብሱ። መሐሉ ላይ በርዝመቱ 4 ሳንቲሜትር ስንጥቅ አውጡለት፤ ጥይቱ እዚያ ተቀምጦ ይያዛል። ገመዶቹን በቀዳዳዎቹ አስገብታችሁ አጥብቃችሁ እሰሩ። ይዛችሁ ስታንጠለጥሉት ከእጃችሁ እስከ ኪሱ ታች 65 ሳንቲሜትር ገደማ ይሁን፣ የተረፈውን ቁረጡ። ረዘም ያለ ወንጭፍ ሩቅ ይወረውራል፣ ለጀማሪ ግን አይታዘዝም። ኪሱን እግራችሁ ሥር ረግጣችሁ ገመዱን በሙሉ ጉልበት ሳቡት። ከያዘ ዝግጁ ነው።

ስድስተኛ፦ ቦታውና አወራወሩ

50 ግራም ጥይት በሰከንድ 30 ሜትር ሲወጣ እስከ 90 ሜትር ሊሄድ ይችላል። ሰው ራስ ላይ ካረፈ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ከፊት ቢያንስ 100 ሜትር ባዶ ቦታ ይኑር፤ ከኋላና ከጎንም እስከዚያው ርቀት ሰው፣ ከብት፣ መኪና፣ የቆርቆሮ ጣሪያ አይኑር። ጀማሪ የለቀቀው ጥይት ወዴት እንደሚሄድ ራሱም አያውቅም። አብሯችሁ ያለ ሰው ከኋላችሁ ሳይሆን ከዛፍ ወይም ከግድግዳ ጀርባ ይቁም። ልጆች ካሉ ወንጭፉ ከከረጢት አይውጣ። መነጽር አድርጉ።

እንስሳ ላይ አታነጣጥሩ። ማሳ ለመጠበቅ ድምፁና አጠገብ የሚያርፈው ጥይት ይበቃል፤ ዝንጀሮም ሆነ ጦጣ ሁለተኛውን አይጠብቅም። ጉሬዛ ደግሞ በአብዛኛው ቅጠል በሊ ነው፣ የጫካችን ጌጥ ነው፣ ተዉት።

ለዒላማ አሮጌ ጄሪካን በገመድ አንጠልጥሉ። ሲመታ ይጮኻል፣ ሄዶ ማየት አያስፈልግም። ከኋላው ሁለት ሦስት ጆንያ የቡና ገለባ ደርድሩ። ከመፈልፈያ ቤቶች ደጅ ገለባ አይጠፋም፤ ያመለጠውን ጥይት ውጦ ያስቀረዋል። በ15 ሜትር ጀምሩ።

ቀለበቱን መሐል ጣት ላይ አጥልቁ። ቋጠሮውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዙ። ጥይቱን ኪሱ ውስጥ አስተኙ። ግራ ትከሻችሁን ወደ ዒላማው አዙሩ፣ ግራኝ ከሆናችሁ ቀኙን። ኪሱን በግራ እጅ ፊት ለፊታችሁ ይዛችሁ ልቀቁትና በጎናችሁ በኩል አንድ ጊዜ ብቻ ቁልቁል ወደኋላ ዞሮ ይምጣ። ከራስ በላይ ሲደርስ ድንጋይ እንደምትወረውሩ ክንዳችሁን ወደፊት ዘርጉና ጣታችሁን ወደ ዒላማው ስትጠቁሙ ቋጠሮውን ልቀቁ። ፊልም ላይ እንደሚታየው ራስ ላይ አሥር ጊዜ ማሽከርከር ምንም አይጨምርም። እንዲያውም የመልቀቂያውን ጊዜ ያምታታል። ከራስ በላይ እንደ ሄሊኮፕተር አግድም ካሽከረከራችሁ ስሕተቱ ወደ ግራና ቀኝ ይሆናል። በቁም ካዞራችሁ ስሕተቱ ወደ ላይና ወደ ታች ነው፣ ለማረም ይቀላል። ሰማይ ከሄደ ቶሎ ለቃችኋል። እግራችሁ ፊት ከተተከለ ዘግይታችኋል።

በቀን 20 ብቻ ወርውሩ። ትከሻ ሲደክም የሚለመደው ስሕተት ነው። ደብተር ይኑራችሁ፤ ስንት ጄሪካኑን መታ፣ ስንት ጆንያው ላይ አረፈ፣ ስንት አመለጠ። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ከ20 አንድ ነበር የምመታው። በሦስተኛው ወር ሰባት ደረስኩ፣ በዚያው በ15 ሜትር።

ስትጨርሱ ጆንያዎቹ ሥር ያለውን ስባሪ በመጥረጊያ ሰብስቡ። ገለባውን ንፉት። ስባሪውን ባልዲ ውስጥ ከትታችሁ ውኃ ጨምሩበት። እሳት ስላልነካው በአንድ ሌሊት ይሟሟል። ጠጠር የለበትም፣ ተጣርቷል። ከሁለተኛው ደረጃ አጋማሽ፣ ከማጥለሉ፣ መቀጠል ነው፦ በፌስታል የቆየ ጭቃ፣ 65 ግራም፣ ሁለት መዳፍ። የእኔ ባልዲ ውስጥ ያለው አፈር ካለፈው ዓመት ጥር ጀምሮ ያው ነው፤ አምስት ስድስት ጊዜ ተወርውሮ ተመልሷል።